ከሻወሩ ጀርባ የተለያየው ቧንቧና የቤት ኢንሹራንሱ፦ የሥራ ማስታወሻ

የመጀመሪያው ሌሊት፦ ውሃውን ማቆም

ውሃው በኩሽናው ኮርኒስ በኩል ወረደ፤ በአምፖሉ ቀዳዳ ዙሪያ። ከላዩ ያለው መታጠቢያ ቤቱ ነው። መጀመሪያ የቤቱን ዋና የውሃ መዝጊያ ዘጋሁ። ቀጥሎ የኩሽናውን ብሬከር አጠፋሁ። ከዚያ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ያለውን ቧንቧ ከፈትኩ። ዋናውን ብቻ ዘግቶ መቀመጥ አይበቃም፤ ላይኛው ፎቅ ቧንቧ ውስጥ የቀረው ውሃ በስብራቱ በኩል መፍሰሱን ይቀጥላል። ታች ሲከፈትለት ግን በዚያ ይወርዳል።

ኮርኒሱ መሃል ላይ አብጧል። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ በካቻቪቴ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁለት። ውሃ ያዘለ ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ) ከባድ ነው። ካልተነፈሰ ሙሉው ሊወድቅ ይችላል።

ከመወልወሌ በፊት ቪዲዮ ቀረጽኩ። ከሻወሩ ጀምሬ ሳላቋርጥ እስከ ኩሽናው ወለል ድረስ። ፎቶ ብቻ ከሆነ የቱ ክፍል ከየቱ በላይ እንደሆነ በኋላ ማስረዳት ያስቸግራል። ቪዲዮው ላይ ውሃው የሄደበት መንገድ በግልጽ ይታያል።

ከዚያ የኢንሹራንሱ 24 ሰዓት መስመር ላይ ደወልኩ። የክሌም (የካሳ ጥያቄ) ቁጥር ሰጡኝ። ሦስት ነገር ጠየቁ፦ ውሃው ከየት መጣ? መቼ አየኸው? አሁን ቆሟል? የማውቀውን ብቻ ነገርኳቸው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «ግድግዳው ሳይከፈት አላውቅም» የሚል ነበር። ስልኩ ይቀረጻል። «ሳይቆይ አይቀርም» ብሎ በግምት የተነገረች ቃል በኋላ ፋይሉ ውስጥ እንደ ማስረጃ ትገኛለች።

በማግስቱ፦ ግድግዳውን መክፈት

ቤቱ በ1974 የተሠራ ነው። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት አንድ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ሸካራ ተደርገው የተለበጡ ኮርኒሶች አንዳንዶቹ አዝቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ) አለባቸው። ከወደቀው እርጥብ ቁራጭ በፕላስቲክ ከረጢት ወደ ላብራቶሪ ላክሁ፤ 45 ዶላር። ቁራጩ ከአዝቤስቶስ ነጻ ሆኖ ተገኘ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ላይ የሊድ (መርዛማው እርሳስ) ቀለምም ሊኖር ይችላል። በዚህ ምክንያት የሚያፈርሰው ኮንትራክተር የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ) የሊድ ሠርተፍኬት እንዳለው ጠየቅኩ።

የቧንቧ ሠራተኛው በዕድሜ የገፉ አገር ልጅ ናቸው። የሻወሩን የጀርባ ግድግዳ በክሎዜቱ (በልብስ ማስቀመጫው) በኩል ከፈቱት። ሴራሚኩ አልተነካም፤ ይሄ ብቻውን ብዙ ወጪ አድኗል። በብየዳ የተያያዘው የሙቅ ውሃ የመዳብ ክርን (መታጠፊያ) ከቱቦው ለቅቋል። ጋሼ ቆርጠው አወጡትና ወደ መብራት ጠጋ አድርገው አዩት።

«አየኸው? ውስጡ ያብረቀርቃል። ቆይቶ ያፈሰሰ መዳብ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ነጭ ቅርፊትም ይይዛል። ይሄ በአንዴ የለቀቀ ነው።»

«ጋሼ፣ ይህን በጽሑፍ ሊሰጡኝ ይችላሉ?»

«እሰጥሃለሁ። አንተ ግን ቁራጯን እንዳትጥላት። ለአንተ የምትከራከረው እሷ ናት።»

ቁራጯን ቀን ጽፌበት ከረጢት ውስጥ አሸግኩ። የጥገናው ክፍያ 340 ዶላር ሆነ። ይህ ከኪሴ እንደሚሄድ በኋላ ፖሊሲው (የኢንሹራንሱ ውል) ላይ አነበብኩ። ምክንያቱን ከታች ጽፌዋለሁ።

በዚያው ቀን ማታ፦ ፖሊሲውን ማንበብ

ፊት ለፊት ያለችው አንድ ገጽ ማጠቃለያ አትበቃም። እሷ የምትናገረው መጠኑን ነው። መቼ እንደሚከፈልና እንደማይከፈል የሚናገረው ሙሉው ፖሊሲ ነው። ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርጄ አተምኩትና ማርከር ይዤ ተቀመጥኩ።

የኔ ኤችኦ-3 የሚባለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ላይ በብዛት ያለው ይሄ ነው። ቤቱንና ዕቃውን የሚያየው በተለያየ ዓይን ነው። ለሕንፃው፣ በግልጽ ካልተከለከለ በስተቀር፣ ሁሉም አደጋ ይሸፈናል። ለዕቃው ግን በስም የተዘረዘሩት 16 አደጋዎች ብቻ ናቸው። ከነሱ አንዱ ከቧንቧ፣ ከማሞቂያ ወይም ከቤት ማሽን በድንገት የፈሰሰ ውሃ ነው። ስለዚህ ኩሽናው ውስጥ የረጠበው ምንጣፍም ገባ ማለት ነው።

ደጋግሜ ካነበብኩት በኋላ ገባኝ። ፖሊሲው የውሃው ብዛት ብዙም አያሳስበውም። የሚጠይቀው ውሃው ከየት እንደመጣና በምን ፍጥነት እንደመጣ ነው። ያው አንድ ክፍል፣ ያው የውሃ መጠን፣ ግን መልሱ እንደ ምንጩ ይለያያል። ከቧንቧ በድንገት ከፈሰሰ ይከፈላል። ንፋስ ጣሪያውን ቀድዶ ዝናብ ከገባም ይከፈላል። ጣሪያው አርጅቶ ካፈሰሰ ግን ራሱ ጣሪያው አይጠገንም። ከመሬት ላይ ተጠራቅሞ በበሩ ከገባ ጎርፍ ይባላል፤ አይከፈልም። በመሠረቱ ግድግዳ በኩል ከመሬት ውስጥ ከሰረገም አይከፈልም። የፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ ከተመለሰ ወይም የቤዝመንቱ ሳምፕ ፓምፕ (የተጠራቀመ ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋው) ሞልቶ ከፈሰሰ፣ ተጨማሪ ሽፋን ካልተገዛ በቀር አይከፈልም። ቧንቧ በብርድ ከፈነዳ ይከፈላል፤ ቤቱን ማሞቅ ወይም ውሃውን ዘግቶ ማፍሰስ ግን የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ሁለት መስመር በቢጫ ቀለምኩ። አንደኛው፦ የተበላሸው ቧንቧ ወይም ማሽን ራሱ አይሸፈንም፤ ወደሱ ለመድረስ የሚፈርሰውና መልሶ የሚገነባው ግድግዳ ግን ይሸፈናል። ለዚህ ነው 340ዋ ዶላር የኔ የሆነችው፤ የክሎዜቱ ግድግዳ ግን የነሱ። የቧንቧ ሠራተኛው ደረሰኝ ሁለቱን ለይቶ ካልጻፈ ሁሉም «ጥገና» ተብሎ ሊቀር ይችላል። ጋሼን ለይተው እንዲጽፉልኝ ጠየቅኩ።

ሁለተኛው መስመር፦ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ወይም በተደጋጋሚ የፈሰሰ ውሃ አይሸፈንም። ይህ አንቀጽ በየኩባንያው ይለያያል፤ ቀን ያልጠቀሰም አለ። የኔ ላይ ግን ቁጥሩ በግልጽ ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ማድረቅ

ሻጋታ እርጥብ ነገር ላይ ሥር እንዳይሰድ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ማድረቅ እንደሚያስፈልግ ኢፒኤ ይመክራል። ፖሊሲውም ጉዳቱ እንዳይባባስ የማድረግ ግዴታ ጥሎብኛል። «አድጀስተሩ (ለኢንሹራንሱ ጉዳቱን የሚገምተው) ይምጣና እንነካለን» ብሎ እርጥቡን መተው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንድም ቤቱ ይበላሻል፤ አንድም የተባባሰውን ክፍል ላይከፍሉ ይችላሉ። የሻጋታ ክፍያ ደግሞ ብዙ ፖሊሲ ላይ ለብቻው በትንሽ መጠን የተገደበ ነው። የኔ 5,000 ዶላር ላይ ያቆማል።

መጀመሪያ የሞከርነው የቤት ፋን ነበር፤ ሦስት ፋን፣ መስኮት ተከፍቶ። በ38 ዶላር ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ። ከደረቀ ክፍል የለካሁት እንጨት 11 በመቶ አሳየ። የሻወሩ ጀርባ እንጨት ከ30 በላይ ነበር። ፋኑ ሲሠራ አድሮ ቁጥሩ አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። ፋን ውሃውን ከእንጨቱ ወደ አየሩ ያወጣል። አየሩ ውስጥ የገባውን የሚያስወግደው ከሌለ ግን ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል። ውጭው ራሱ እርጥበት ስለነበረው መስኮቱም አልረዳም።

ከዚያ የማድረቂያ ኩባንያ ጠራሁ። ክፍሉን በፕላስቲክ ከለሉት። ትልልቅ ዲሂዩሚዲፋየር (ከአየር እርጥበት የሚመጥ ማሽን) አስገቡ። የግድግዳውን የሥር እንጨት ነቅለው ከጀርባው አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ከፈቱ። ቁጥሩ በማግስቱ መውረድ ጀመረ።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ልጻፍ። ኩባንያው እንድፈርምላቸው ካቀረቡልኝ ወረቀቶች አንዱ የክሌሙን መብት ወደነሱ የሚያዛውር ነበር። እሱን ከፈረምክ ከኢንሹራንሱ ጋር የሚደራደሩት እነሱ ናቸው። አልፈረምኩም፤ የሥራ ፈቃዱን ብቻ ፈረምኩ። ሥራቸውንም እንደዚያው ሠሩ።

ሌላው ኢንሱሌሽኑ (ግድግዳ ውስጥ ያለው ሙቀት ያዥ ሙሌት) ነው። ሠራተኛው የውጭው ግድግዳ ውስጥ ያለው ፋይበርግላስ በቦታው እንዳለ ይደርቃል አለ። መርፌውን በዚያ በኩል ስንሰካ ከሁሉም ከፍተኛው ቁጥር የወጣው እዚያ ሆነ። ተከፈተ። ታችኛው ክፍል ውሃ ጠጥቶ ተንዷል። አውጥተው ጣሉት። በመተማመን ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ሻጋታው ከወራት በኋላ ይወጣ ነበር።

የየቀኑን የእርጥበት ቁጥር በወረቀት እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። ይሰጣሉ፤ ካልጠየቁ ግን አያስታውሱም። ሂሳቡ 2,680 ዶላር። ኢንሹራንሱ በኋላ ሙሉውን ከፈለው።

ሁለተኛው ሳምንት፦ አድጀስተሩ መጣ

የመጣው የኢንሹራንሱ ተቀጣሪ ሳይሆን በውክልና የሚሠራ ነው። ትሁት ሰው ነው። ፈጣንም ነው። ለካ፣ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ሽንት ቤት መቀመጫው አጠገብ ወለሉ ሥር ባለው ጣውላ ላይ ጥቁር የውሃ ምልክት አየ። አጠገቡ ያሉት ሚስማሮች ዝገዋል። ምንም አላለም፤ ጻፈ ብቻ።

ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። «ለረጅም ጊዜ የቆየ ፍሳሽ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩን እያጣራን ነው፤ መብታችን እንደተጠበቀ ነው» ይላል። ይህ እምቢታ አይደለም። ግን የእምቢታው በር የት እንዳለ ያሳያል፤ ያ የ14 ቀን መስመር ነው።

ስልክ አልደወልኩም። በኢሜይል አንድ ጥያቄ ላክሁ፦ የምትመኩበት የፖሊሲው ገጽና አንቀጽ የትኛው ነው? መልሱ ሲመጣ በትክክል ያው አንቀጽ ነበር። ከዚያ ማስረጃዎቼን ቁጥር ሰጥቼ በአንድ ፋይል አዘጋጀሁ።

የመዳቡ ክርን ፎቶ ከሁለት አቅጣጫ፣ ከጋሼ ደብዳቤ ጋር። የአንድ ዓመት የውሃ ቢል፤ ፍጆታው ወር ከወር አንድ ዓይነት ነው፣ የሚዘለው በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው። በሙቅ ውሃ መስመር ላይ ለሳምንታት ያፈሰሰ ቀዳዳ ቢኖር የጋዙም ቢል ይጨምር ነበር፤ እሱንም ጨመርኩ። ከጥቂት ቀን በፊት ለልጄ ልደት ኩሽና ውስጥ የተነሳ ፎቶ፤ ኮርኒሱ ከበስተጀርባ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፣ ስልኩም ቀኑን መዝግቦታል። የማድረቂያው ኩባንያ መዝገብ፤ ሻጋታ እንዳልተገኘ ይላል።

ለጥቁሩ ምልክት ግን እነዚህ አይበቁም። ምልክቱ እውነት ነው፤ አሮጌ ውሃ ነው። መልሱ የተገኘው ቤቱን ስገዛ ካሠራሁት የኢንስፔክሽን ሪፖርት ነው። ያው ምልክት በፎቶ አለ። «የቀድሞ ፍሳሽ፣ አሁን ደረቅ» ብሎ ከነእርጥበት ቁጥሩ አስፍሮታል። የድሮ ባለቤት የሽንት ቤቱን የሥር ማሸጊያ ከመቀየሩ በፊት የሆነ ነገር ነው። ከተለቀቀው ክርን ጋር በቦታም አይገናኝም።

ይህን ሪፖርት ሰው ቤቱን ከገዛ በኋላ ይጥለዋል። እባካችሁ አትጣሉት። ከዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ክርክሩን የዘጋው እሱ ነው። በቀጣዩ ኢሜይል «ጉዳቱ ድንገተኛ መሆኑን ተቀብለናል» የሚል መልስ ደረሰኝ።

ሦስተኛው ሳምንትና ከዚያ ወዲህ፦ ግምቱ

የአድጀስተሩ ግምት ኤግዛክቲሜት (Xactimate) በሚባለው ሶፍትዌር የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሥራ በመስመር ተዘርዝሯል፤ ስንት ካሬ ጫማ ድራይዎል፣ ስንት ጫማ የሥር እንጨት። ጠቅላላው 9,460 ዶላር ይላል። ከሥሩ 1,310 ዶላር በእርጅና ተቀንሷል። ከዚያ የኔ ዲዳክቲብል (ከኪሴ የምችለው ድርሻ) 2,500። የመጀመሪያው ቼክ 5,650 ሆነ።

የእርጅናው ቅናሽ ሰውን ያስደነግጣል፤ ብዙዎች ያ ገንዘብ የቀረ ይመስላቸዋል። የኔ ፖሊሲ ሕንፃውን በአዲስ ዋጋ ነው የሚተካው። ግን መጀመሪያ የሚሰጡት ያረጀውን ዋጋ ነው። ሥራው ተሠርቶ ደረሰኝ ሲቀርብ ልዩነቱ ይለቀቃል። ቀነ ገደብ አለው። በብዙ ፖሊሲ ላይ ልዩነቱን እንደምትጠይቅ አደጋው ከደረሰ በ180 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብህ። እኔ በዚያው ሳምንት በኢሜይል አሳወቅኩ።

የኮንትራክተሩን ዋጋ ከነሱ ግምት ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁ። ጠቅላላ ድምሩን ማወዳደር ጥቅም የለውም፤ «የኔ ሰው ውድ ነው» ማለት ብቻ ነው የሚሆነው። የጎደለ መስመር ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። የወጣው ኢንሱሌሽን የለም። የእጅ መታጠቢያውን ካቢኔት ፈትቶ መልሶ መግጠም የለም። ኮርኒሱ የሚቀባው የተቆረጠው ቦታ ብቻ ነው ተብሏል፤ ቀለሙ ግን እስከ ክፍሉ ጥግ ካልሄደ ልዩነቱ ይታያል። የላብራቶሪውም 45 ዶላር የለም። ለእያንዳንዱ ፎቶ አያይዤ ላክሁ። 1,870 ዶላር ጨመሩ።

ጎረቤቴ የሕዝብ አድጀስተር ቅጠር አለኝ። እነሱ ለባለቤቱ የሚቆሙ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ የሚከፈላቸው ከሚገኘው ገንዘብ በመቶኛ ነው። ለትልቅ እሳት ወይም ሙሉ በሙሉ እምቢ ለተባለ ክሌም የሚያዋጣ ይመስለኛል። ለዚህ መጠን ግን መቶኛው ከጭማሪው ላይ ብዙ ይበላ ነበር።

ቼኩ

ቼኩ ላይ የኔ ስም ብቻ አይደለም ያለው፤ የሞርጌጅ ባንኩም አለበት። ስለዚህ እሱ ሳይፈርም አይመነዘርም። ባንኩ ለዚህ ለብቻው ክፍል አለው። መጠኑ ትንሽ ሲሆን ፈርመው ይመልሳሉ። ትልቅ ሲሆን ራሳቸው ይዘው ሥራው በደረጃ ሲታይ ይለቃሉ። የኔን ፈርመው መለሱ፤ ግን በፖስታ ነበርና ኮንትራክተሩ ለመጀመር ጠበቀ። ገና ክሌሙ ሲከፈት ባንኩ ጋ ደውሎ ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ መጠየቅ ይሻላል።

ግንባታው

እዚህ የሠራተኛው ስህተት አንድ ሳምንት ወሰደ። የከተማው ኢንስፔክተር አዲሱን የቧንቧ ሥራ ሳያይ ድራይዎሉን ዘጋው። ኢንስፔክተሩ መጣ፣ አየ፣ «ክፈቱት» አለ። ተከፈተ፣ ታየ፣ እንደገና ተዘጋ። ወጪውን ኮንትራክተሩ ቻለ፤ ውላችን ላይ ፐርሚትና ኢንስፔክሽን የሱ ኃላፊነት ተብሎ ስለተጻፈ። ያቺ አንድ መስመር ባትኖር ጭቅጭቅ ነበር።

ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን እንጨት እኔ ራሴ ለካሁ። ሁሉም ከደረቁ ክፍል ቁጥር ጋር ተቀራረበ። ያንንም ፎቶ አነሳሁ።

የኮርኒሱ ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ። በመጀመሪያው ዙር ያልተቆረጠው ክፍል ላይ የነበረው ቡናማ ምልክት በተራው ፕራይመር በኩል ብቅ አለ። በውሃ የሚበጠበጠው ፕራይመር የውሃን ምልክት ብዙ ጊዜ አይዘውም። በሼላክ የተሠራው ተቀባ፤ ከዚያ ያዘ።

ሥራው ሲያልቅ ደረሰኞቹን ላክሁ። 1,310 ዶላሯ ተለቀቀች። ለግንባታው ከኢንሹራንሱ የመጣው በድምሩ 8,830፣ ለማድረቂያው 2,680። ከኔ የወጣው ዲዳክቲብሉ፣ የቧንቧው ጥገናና የእርጥበት መለኪያው ነው፤ 2,878 ዶላር።

የፖሊሲው እድሳት

ከማደሴ በፊት ኤጀንቱ ጋ ተቀመጥኩ። በዚህ ክሌም ላይ ያልተነኩ ግን ቤቴ ላይ ክፍት የሆኑ ቀዳዳዎችን አንድ በአንድ አየን።

የፍሳሽ መመለስና የሳምፕ ፓምፕ ሽፋን አልነበረኝም። በ10,000 ዶላር ጣሪያ ጨመርኩ። ቤዝመንታችን ተሠርቶ ልጆች የሚተኙበት ስለሆነ ይሄ መቅረት የለበትም። ከመንገድ እስከ ቤት በመሬት ውስጥ ለሚመጣው ቱቦም ለብቻው ሽፋን አለ፤ እሱም ገባ።

ዲዳክቲብሉን ዝቅ ላድርግ ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ለትንሽ ፍሳሽ ክሌም መክፈት አያዋጣም። ክሌሞች ክሉ በሚባል መዝገብ ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያሉ፤ ሌላ ኩባንያም ያያቸዋል። ከዲዳክቲብሉ በጥቂት የሚበልጥ ጉዳት ከሆነ ከኪስ መጠገን ይሻላል።

የልብስ ማጠቢያውን የጎማ ቱቦዎች በብረት በተሸመኑ ቀየርኩ። ዋናው መስመር ላይ ፍሳሽ ሲሰማ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ጋሼ ገጠሙልኝ። ኩባንያው በደረሰኙ ቅናሽ ሰጥቷል።

የቀረው ጎርፍ ነው። የቤት ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። በ1968 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የፌዴራሉ ፕሮግራም፣ ፌማ (የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ) የሚያስተዳድረው፣ ለመኖሪያ ቤት ሕንፃ እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸጣል። ቤዝመንት ውስጥ ያለው ሽፋን ጠባብ ነው። የምግብ ፍሪዘርና የልብስ ማጠቢያ ዓይነቱን ለይቶ ይዘረዝራል፤ የተሠራ ግድግዳና ምንጣፍ ከዚያ ውጭ ናቸው። እኛ ከጎርፍ ቀጣናው ውጭ ነን፤ ባንኩም አያስገድደንም። ግን ከጀርባችን ያለው ተዳፋት ወደኛ ነው የሚያፈሰው። ማመልከቻውን አስገብቻለሁ። በአብዛኛው 30 ቀን ካልሞላ ሥራ ላይ አይውልም፤ ስለዚህ ትንበያ ሰምቶ የሚገዛ ነገር አይደለም።